ለዲዛይንና ለሬንደሪንግ ሥራ የሚሆን ኮምፒውተር አመራረጥ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት በሥነ ሕንፃ፣ በቤት ውስጥ ዲዛይን፣ በአኒሜሽንና በተመሳሳይ ሙያዎች የተሰማራ ወይም ለመሰማራት የሚዘጋጅ ሰው ለሥራው የሚሆነውን ኮምፒውተር በምን መለኪያ መምረጥ እንደሚገባው ያብራራል። እንዲህ ያለ ማሽን ለአንድ ተማሪ ቤተሰብ የብዙ ወራት ቁጠባ የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ፣ ግዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸመው በሻጩ አንደበትና በማሽኑ አካል ላይ በተለጠፈች ትንሽ ምልክት ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ለሥራው ጉልበት በማይሰጥ ክፍል ላይ ይፈስሳል። ምርጫው ከሥራው ተነሥቶ ወደ ማሽኑ መሄድ አለበት የሚለው ሐሳብ የዚህ ዝግጅት ማዕከል ሲሆን፣ ይህን ለማድረግ በቅድሚያ ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጭ ልብ ይበል።

በአንድ ስም ዲዛይን እየተባለ የሚጠራው ሙያ በኮምፒውተሩ ዘንድ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ሥራዎችን ይዟል። የመጀመሪያው ባለሙያው እንደ አውቶካድ፣ ሬቪት፣ አርኪካድ ወይም ስኬችአፕ ባሉ ሶፍትዌሮች ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ደረጃውንና መስኮቱን በመጠንና በቅርጽ የሚያቆምበት ሲሆን፣ ይህም ሞዴል መሥራት ይባላል። ሁለተኛው ሬንደሪንግ ነው፤ ይኸውም ሞዴሉ ከተሠራ በኋላ ብርሃን በላዩ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፣ እንዴት እንደሚነጥርና የት ጥላ እንደሚጥል ኮምፒውተሩ አስልቶ ፎቶግራፍ የሚመስል ምስል የሚያወጣበት ሂደት ነው። በመጀመሪያው ሥራ ሰው ይሠራል፣ ማሽኑ እየተከተለ ይታዘዛል፤ በሁለተኛው ግን ማሽኑ ይሠራል፣ ሰው ይጠብቃል። የኮምፒውተር ምርጫ ስሕተት በአመዛኙ የሚመነጨው እነዚህን ሁለቱን እንደ አንድ ከማየት ነው።

የሬንደሪንግን ክብደት ለመረዳት ስሌቱ የሚካሄድበትን መንገድ መከተል ይጠቅማል። ኮምፒውተሩ ከካሜራው ቦታ ተነሥቶ፣ ፒክስል በሚባለው በእያንዳንዱ የምስሉ ነጥብ በኩል ምናባዊ ጨረር ወደ ሞዴሉ ይልካል፤ ጨረሩ የመጀመሪያውን ዕቃ ሲነካ ዕቃው መስተዋት፣ እንጨት ወይም ጨርቅ መሆኑን ይመረምራል፤ ከዚያም ጨረሩ ወዴት እንደሚነጥር፣ ከየትኛው መብራት ወይም መስኮት ብርሃን እንደሚደርሰው እያሰላ ይቀጥላል። ሬይ ትሬሲንግ የሚባለው ይህ ዘዴ መስተዋትና ጥላን በተሟላ ሁኔታ ለማሳየት እንደሚያስችል ተርነር ዊትድ የተባለው ተመራማሪ በ1980 ያሳየ ሲሆን፣ ጄምስ ካጂያ ደግሞ በ1986 ከየአቅጣጫው ነጥሮ የሚመጣውን ብርሃን በሙሉ የሚያጠቃልል ቀመር አቅርቧል። ዛሬ በብሌንደር ውስጥ ያለው ሳይክልስም ሆነ ቪ-ሬይና ኮሮና የተባሉት የሬንደር ሶፍትዌሮች የሚሠሩት በዚሁ ቀመር መሠረት ላይ ነው።

ወረቀትና ብዕር ያለው አድማጭ የሚከተለውን ቢያሰላ የነገሩን ስፋት በቀላሉ ይገነዘባል። በወርድ 1920፣ በቁመት 1080 ፒክስል የሆነ ምስል በጠቅላላው 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ጨረር ብቻ ቢላክ ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፤ ስለዚህም ለእያንዳንዱ ነጥብ ብዙ ጨረሮች ይላኩና አማካያቸው ይወሰዳል። ሳምፕል የሚባለው የዚህ ድግግሞሽ ቁጥር 500 ቢሆን፣ ለአንድ ምስል ብቻ ከአንድ ቢሊዮን በላይ የጨረር መንገዶች ይሰላሉ፤ እያንዳንዱ መንገድ ደግሞ በየዕቃው ላይ ብዙ ጊዜ ይነጥራል። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ፣ በምስሉ ላይ የሚታየውን ነቁጥ በግማሽ ለመቀነስ ሳምፕሉን በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ማሳደግ የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። የምስሉን ስፋት ወደ 3840 በ2160 ያሳደገ ባለሙያም የነጥቦቹን ብዛት በአራት ያባዛል። ነቁጡን በስሌት የሚያጸዱ ዲኖይዘር የተባሉ መሣሪያዎች ባለፉት ዓመታት ይህን ሸክም በእጅጉ ያቃለሉ ቢሆንም፣ የጨርቅን ሽመናና የእንጨትን ጅማት የመሰለ ረቂቅ ነገር አንዳንድ ጊዜ አብረው ስለሚያጠፉ ሸክሙን ጨርሰው አያነሡትም።

ሥራው ተንቀሳቃሽ ምስል ሲሆን ቁጥሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በሰከንድ 25 ምስል የሚያልፍበት የአንድ ደቂቃ የሕንፃ ጉብኝት 1500 ምስሎችን ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ ምስል አራት ደቂቃ ቢፈጅ ጠቅላላው 6000 ደቂቃ፣ ማለትም 100 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ማሽኑ ሌትና ቀን ሳያርፍ ከአራት ቀን በላይ ይሠራል ማለት ነው። በ1995 ለዕይታ የበቃው፣ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ቶይ ስቶሪ ሲዘጋጅ ፒክሳር የተባለው ስቱዲዮ 117 የሰን ኩባንያ ኮምፒውተሮችን አንድ ላይ አሰልፎ ሌትና ቀን ያሠራ የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ደንበኛው ለዓርብ ብሎ የቀጠረው ሥራ በዓርብ መድረስ አለመድረሱ የሚወሰነው በባለሙያው ችሎታ ብቻ እንዳልሆነና፣ ለአንድ ምስል የሚወስደው ጊዜ ከአራት ደቂቃ ወደ ሁለት መውረዱ ሁለት ሙሉ ቀናትን እንደሚያተርፍ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሞዴል መሥራት በባሕርዩ ከዚህ ተቃራኒ ነው። በሬቪት ውስጥ የአንድ ፎቅ ከፍታ ሲቀየር ግድግዳው ይረዝማል፤ ግድግዳው ከረዘመ በኋላ ጣሪያው ይነሣል፤ ጣሪያው ከተነሣ በኋላ ደረጃው እንደገና ይከፋፈላል። አንዱ ስሌት የሌላውን ውጤት ስለሚጠብቅ ሥራውን ለብዙ አስሊዎች በትኖ በአንድ ጊዜ ማስጨረስ አይቻልም። ሲፒዩ ወይም ፕሮሰሰር የሚባለው የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ዛሬ ኮር የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው የሚያሰሉ ብዙ ክፍሎች ቢኖሩትም፣ በሞዴል ሥራ ጊዜ በአብዛኛው የሚደክመው አንዱ ኮር ሲሆን የቀሩት ሥራ ፈትተው ይቆያሉ። ጂን አምዳል በ1967 ያቀረበው ሕግ ይህን በቁጥር ያስረዳል፤ ከአንድ ሥራ 90 በመቶው ለብዙዎች ሊከፋፈል የሚችል፣ 10 በመቶው ግን የማይከፋፈል ቢሆን፣ 16 ኮር ያለው ፕሮሰሰር ሥራውን 16 ጊዜ ሳይሆን 6.4 ጊዜ ብቻ ያፋጥነዋል፤ የኮሩ ብዛት እስከ ሺህ ቢደርስም ከ10 ጊዜ በላይ ሊያፋጥነው ከቶ አይችልም። የሞዴል ሥራ የማይከፋፈለው ድርሻ ደግሞ ከ10 በመቶ እጅግ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚህ የሚወጣው የተግባር ውሳኔ ግልጽ ነው። ቀኑን ሙሉ በአውቶካድና በሬቪት የሚሠራ፣ ሬንደር የሚያደርገው አልፎ አልፎ የሆነ ባለሙያ የሚጠቅመው ኮሮቹ ስድስት ወይም ስምንት ሆነው እያንዳንዳቸው ፈጣን የሆኑበት ፕሮሰሰር ነው፤ ከዚያ በላይ ለኮር ብዛት የሚከፈለው ገንዘብ በዚህ ሥራ ላይ አይታይም። ምስሉን በሲፒዩ በሚያሰላው በኮሮና የሚሠራ ባለሙያ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ኮር ጊዜውን ያሳጥርለታል፤ ጨረሮቹ እርስ በርሳቸው ስለማይጠባበቁ 16 ኮር ያለው ማሽን የስምንት ኮሩን ሥራ ወደ ግማሽ በቀረበ ጊዜ ይጨርሳልና።

በገበያው ላይ ከሁሉ በላይ ገዢን የሚያሳስተው የፕሮሰሰር ስም ነው። በብዙ ገዢ ዘንድ ከኢንቴል ኩባንያ ፕሮሰሰሮች ኮር አይ 7 የተባለ ሁሉ ኃይለኛ፣ ኮር አይ 5 የተባለ ደግሞ መካከለኛ ተደርጎ ይቆጠራል። ይሁንና ከዚህ መጠሪያ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥርና ከቁጥሩ ኋላ ያለው ፊደል ከመጠሪያው የበለጠ ይናገራሉ። በ2015 ከወጣው ከስድስተኛው ጄኔሬሽን፣ ማለትም ትውልድ፣ ምሳሌ ለመውሰድ፣ ኮር አይ 7-6500ዩ የተባለው ሁለት ኮር ብቻ ያለው ሲሆን፣ የዚሁ ጄኔሬሽን ኮር አይ 5-6300ኤችኪው ግን አራት ኮር አለው። በኋላ የመጣው የአሥራ ሁለተኛው ጄኔሬሽን የዴስክቶፕ ኮር አይ 3-12100 ደግሞ በመጠሪያው ታናሽ ሆኖ ሳለ አራት ኮር ያለው፣ በእያንዳንዱ ኮር ፍጥነትም ከፊተኛው ኮር አይ 7 እጅግ የሚልቅ ነው። በላፕቶፕ ፕሮሰሰር ስም መጨረሻ ላይ ዩ የሚለው ፊደል ባትሪ ለመቆጠብ የተሠራ ደካማ ዓይነት መሆኑን፣ ኤች ወይም ኤችኤክስ ደግሞ ለከባድ ሥራ የታሰበ መሆኑን ያመለክታል። ኢንቴል ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በላፕቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ኮር አልትራ የሚል ስያሜ ስላመጣ፣ አዲስ ማሽን የሚገዛ ሰው የለመደውን አይ የሚል ፊደል ባያገኝ ሊገረም አይገባውም።

ጄኔሬሽኑ ሌላም ክብደት አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማለትም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያቆመ ሲሆን፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው በጥቂት ልዩነት ከስምንተኛው ጄኔሬሽን ጀምሮ ያሉትን ነው። የዲዛይን ሶፍትዌሮች አዳዲስ እትሞች የሚሠሩት ድጋፍ ባለው ዊንዶውስ ላይ በመሆኑ፣ ከስምንተኛው ጄኔሬሽን በፊት የተሠራ ያገለገለ ላፕቶፕ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ለዚህ ሙያ መግዛት አይመከርም።

ወደ ግራፊክስ ካርድ ሲመጣ ነገሩ ይሰፋል። ጂፒዩ የሚባለው በካርዱ ላይ ያለው አስሊ ከሲፒዩ የሚለየው በአደረጃጀቱ ነው፤ ሲፒዩ ማናቸውንም ዓይነት ሥራ የሚያከናውኑ ጥቂት ብርቱ አራሾችን ቢመስል፣ ጂፒዩ ግን በአንድ ማሳ ላይ ተሰልፎ አንድ ዓይነት አጨዳ የሚያጭድ ትልቅ ደቦ ነው። እያንዳንዱ አስሊ ለብቻው ደካማ ቢሆንም፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው አንድ ዓይነት ስሌት በተለያዩ ነጥቦች ላይ በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ፣ እርስ በርስ የማይጠባበቁ ጨረሮችን ለማስላት እጅግ የተመቹ ናቸው። የኤንቪዲያ ኩባንያ ኩዳ የተባለውን መሣሪያ ካወጣ ወዲህ ጂፒዩ ከሥዕል ውጭ ለሌላ ስሌትም በስፋት መዋል የጀመረ ሲሆን፣ በ2018 የወጡት አርቲኤክስ የሚል መጠሪያ ያላቸው ካርዶች ደግሞ ጨረሩ የትኛውን ዕቃ እንደሚነካ ብቻ ለማስላት የተለየ ክፍል በውስጣቸው ይዘዋል። ሳይክልስን በመሳሰሉ ሶፍትዌሮች የአርቲኤክስ ካርድ ከዚያ በፊት ከነበሩት ጂቲኤክስ ካርዶች በጉልህ የሚፈጥነው በዚህ ክፍል ምክንያት ነው።

ስለዚህም ገዢው ማሽን ከመጠየቁ በፊት የሚሠራበት ሶፍትዌር ሸክሙን በየትኛው አስሊ ላይ እንደሚጥል ማወቅ አለበት። በአዲስ አበባ የዲዛይን ቢሮዎች ዘንድ የተለመዱት ሉሚዮን፣ ኢንስኬፕና ትዊንሞሽን ሸክማቸው ሁሉ በግራፊክስ ካርዱ ላይ ሲሆን፣ ደካማ ካርድ ባለው ማሽን ላይ ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ቢበረታ አያንቀሳቅሳቸውም። ኮሮና በሲፒዩ ያሰላል፤ ቪ-ሬይና ሳይክልስ ደግሞ በባለሙያው ምርጫ በሁለቱም ይሠራሉ። የኮሮና ተጠቃሚ ገንዘቡን በውድ ካርድ ላይ ቢያፈስ፣ የሉሚዮን ተጠቃሚም ለብዙ ኮር ሲል ካርዱን ቢያሳንስ ሁለቱም እኩል ይከስራሉ።

ካርድ ሲመረጥ ከፍጥነቱ ይልቅ ቀድሞ መታየት ያለበት በካርዱ ላይ ያለው ማህደረ ትውስታ፣ በተለምዶ ቪራም የሚባለው ነው። ምክንያቱም ካርዱ ዘገምተኛ ቢሆን ምስሉ ይዘገያል እንጂ ይደርሳል፤ ትእይንቱ በቪራሙ ውስጥ ካልገባ ግን ሶፍትዌሩ ሥራውን ያቋርጣል፣ ወይም ራም ወደሚባለው ወደ ኮምፒውተሩ ዋና ማህደረ ትውስታ እየተመላለሰ ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል። ይህም በስሌት ሊታይ የሚችል ነገር ነው። በዕቃዎች ላይ የሚለበጠው ቴክስቸር የተባለው ምስል በወርድና በቁመት 4096 ፒክስል ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ፒክስል አራት ባይት ሲያዝ፣ ሳይጨመቅ 64 ሜጋባይት ቦታ ይይዛል። አንድ ወለል በተገቢው ሁኔታ እንዲታይ ለቀለሙ፣ ለልስላሴው፣ ለጎድጓዳነቱና ለከፍታው አራት ዓይነት ቴክስቸር ይፈልጋል እንበል፤ ይህ 256 ሜጋባይት ይሆናል። በአንድ ሳሎን ውስጥ እንዲህ ያሉ 20 ዓይነት ዕቃዎች ቢኖሩ፣ ወንበሩና መጋረጃው በቅርጻቸው የሚይዙት ቦታ ሳይቆጠር፣ ቴክስቸሩ ብቻ 5 ጊጋባይት ይወስዳል። ስድስት ጊጋባይት ያለው ካርድ እዚህ ላይ ሊታነቅ ደርሷል ማለት ነው።

ይኸው ስሌት መፍትሔውንም ይጠቁማል። በምስሉ ጥግ ላይ ከሩቅ የሚታይ ግድግዳ ባለ 4096 ቴክስቸር አያስፈልገውም፤ ወደ 2048 ሲወርድ የሚይዘው ቦታ ሩብ ብቻ ይሆናል፤ 5 ጊጋባይት የነበረውም ወደ 1.25 ጊጋባይት ይወርዳል። በግቢው ውስጥ የሚተከሉት ዛፎችም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ሞዴሎች ከሚሆኑ ይልቅ ኢንስታንስ በሚባለው ዘዴ የአንድ ዛፍ ድግግሞሽ ቢደረጉ፣ ካርዱ የአንዱን ዛፍ ቅርጽ ብቻ ይይዛል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ለብዙ ተማሪዎች አዲስ ካርድ ከመግዛት የሚተካከል ጥቅም ስለሚሰጥ፣ በትምህርት ቤቶች ከሶፍትዌሩ አጠቃቀም ጋር አብሮ ሊሰጥ የሚገባው እውቀት ነው።

በዚህ መለኪያ ሲታይ በገበያው ላይ ያሉ አንዳንድ ካርዶች ከስማቸው የተለየ ዋጋ ያገኛሉ። የዴስክቶፑ አርቲኤክስ 3070 ከአርቲኤክስ 3060 የፈጠነ ቢሆንም ቪራሙ 8 ጊጋባይት ነው፤ የ3060 የተለመደው ዓይነት ግን 12 ጊጋባይት ይዟል። ስለዚህም ብዙ ቴክስቸር ያለበት የቤት ውስጥ ዲዛይን ለሚሠራ ሰው ርካሹ ካርድ ውዱ የማይችለውን ትእይንት ይሸከምለታል። ሆኖም በዚሁ በ3060 ስም 8 ጊጋባይት ያለው ዓይነትም ኋላ የወጣ ሲሆን፣ በላፕቶፕ ውስጥ የሚገኘው 3060 ደግሞ 6 ጊጋባይት ብቻ ነው ያለው። አርቲኤክስ 4090 በዴስክቶፕ 24፣ በላፕቶፕ 16 ጊጋባይት መሆኑም ተመሳሳይ ምሳሌ ነው። በላፕቶፕና በዴስክቶፕ ያሉት ካርዶች ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ማንነታቸው የተለያየ ነው፤ ላፕቶፖቹ እርስ በርሳቸውም ቢሆን አምራቹ ለካርዱ በፈቀደው የኤሌክትሪክ ኃይል መጠን ይለያያሉ፤ የላፕቶፕ አርቲኤክስ 4060 ከ35 እስከ 115 ዋት ባለው ክልል ውስጥ ስለሚሠራ፣ ቀጭኑና ወፍራሙ ላፕቶፕ አንድ ስም ይዘው በፍጥነት እጅግ ይራራቃሉ።

ሌላው በየሱቁ የሚሰማ አነጋገር ይህ ማሽን 8 ጊጋ ግራፊክስ አለው የሚለው ነው። ዊንዶውስ ከዋናው ራም እስከ ግማሽ የሚሆነውን ለግራፊክስ ሊያበድር የሚችል ሲሆን፣ አንዳንድ ሻጮች ይህን የተጋራ ማህደረ ትውስታ ከካርዱ ቪራም ጋር ደምረው ይናገራሉ። ገዢው ታስክ ማናጀር የሚለውን መስኮት ከፍቶ ጂፒዩ የሚለውን ክፍል ቢመለከት፣ ዴዲኬትድ የተባለውና ሼርድ የተባለው ለየብቻ ተጽፈው ያገኛቸዋል፤ ለሬንደር የሚቆጠረው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

የራም ጉዳይ አጭር ነው። ለተማሪ 16 ጊጋባይት መነሻ ሲሆን፣ ትላልቅ የሬቪት ፋይሎችን ከሬንደር ሶፍትዌር ጋር አንድ ላይ ለሚከፍት ባለሙያ 32 ጊጋባይት ተገቢ ነው፤ በሲፒዩ ትላልቅ ትእይንቶችን የሚያሰላ ደግሞ 64 ሊያስፈልገው ይችላል። ራሙ በአንድ ቁራጭ ከሚሆን እኩል በሆኑ ሁለት ቁራጮች ቢሆን ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ስለሚያነበው ይፈጥናል። ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክም ኤስኤስዲ መሆን አለበት፤ ሆኖም ኤስኤስዲ ፋይል መክፈትንና ማስቀመጥን ያፋጥናል እንጂ የሬንደርን ስሌት እንደማያፋጥን ማወቅ፣ ገዢውን ለዲስክ ፍጥነት ብቻ ከሚጠየቅ ተጨማሪ ዋጋ ያድነዋል።

ስክሪን ብዙ ጊዜ የሚረሳ፣ ግን ሙያውን በቀጥታ የሚነካ ክፍል ነው። ርካሽ የሆኑ ብዙ ላፕቶፖች፣ ለጨዋታ ተብለው የተሠሩትን ጨምሮ፣ ኤስአርጂቢ ከሚባለው የተለመደ የቀለም ክልል ውስጥ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ያሳያሉ፤ በሽያጭ ወረቀታቸው ላይ 45 በመቶ ኤንቲኤስሲ ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ነው። በእንዲህ ያለ ስክሪን ላይ ቀይ ቀለም የደበዘዘ ስለሚመስለው ዲዛይነሩ ያደምቀዋል፤ ምስሉ በደንበኛው ስልክ ላይ ሲከፈት ወይም ሲታተም ግን ቀለሙ ከልክ ያለፈ ይሆናል። ላፕቶፑ ደካማ ስክሪን ቢኖረው እንኳ፣ ኤስአርጂቢን ሙሉ በሙሉ ወይም ወደዚያ በተጠጋ መጠን የሚያሳይ፣ አይፒኤስ የተባለው ዓይነት ሞኒተር ለብቻው ገዝቶ ማያያዝ ይቻላል።

ላፕቶፕ ይሻላል ወይስ ዴስክቶፕ የሚለው ጥያቄ በዋናነት የሙቀት ጥያቄ ነው። አስሊዎቹ በሚሞቁበት ጊዜ ራሳቸውን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሬንደር ደግሞ ለሰዓታት ያለ ዕረፍት የሚያሞቅ ሥራ ነው። ቀጭን ላፕቶፕ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚያሳየውን ፍጥነት በሁለተኛው ሰዓት ላይ የማይዘው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ላይ በኢትዮጵያ ደጋማ ከተሞች እምብዛም የማይነሣ ሌላ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው አየርም በዚያው ልክ ስለሚያንስ የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል። የከተማዋ ቀዝቃዛ አየር ይህን በከፊል ቢያካክሰውም፣ በአቧራ የተደፈነ ፋንና ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ ሲጨመሩበት ጉዳቱ ይበረታል። ሥራው በአንድ ቦታ የሚከናወን ከሆነ፣ በእኩል ዋጋ ከሚገኙት ውስጥ ዴስክቶፕ የበለጠ ጉልበት፣ የተሻለ ቅዝቃዜና ክፍሎቹን እየለወጡ የመቀጠል ዕድል ይሰጣል፤ በየደንበኛውና በየክፍሉ መዘዋወር ላለበት ተማሪ ግን ወፈር ያለና ሰፊ የአየር መውጫ ያለው ላፕቶፕ ትክክለኛ ምርጫ ነው።

ዴስክቶፕ የመረጠ ሰው የመብራት መቋረጥን በዕቅዱ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል። ዩፒኤስ በሚባለው መጠባበቂያ ላይ የሚጻፈው ቪኤ የሚል መጠን ከዋት ይበልጣል፤ 650 ቪኤ የተባለው ብዙውን ጊዜ የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች ነው፤ ያም ቢሆን ሬንደር በሚያደርግ ማሽን ላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ስለሆነ ጥቅሙ ፋይል አስቀምጦ ማሽኑን በሥርዓት ለመዝጋት ብቻ ነው። አርቲኤክስ 3060 ብቻውን እስከ 170 ዋት፣ አርቲኤክስ 4090 ደግሞ እስከ 450 ዋት የሚወስዱ መሆናቸው፣ ካርድ ሲመረጥ ዩፒኤሱና ፓወር ሰፕላዩ አብረው መመረጥ እንዳለባቸው ያሳያል። ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ አኒሜሽን ሲወጣ በቀጥታ አንድ የቪዲዮ ፋይል እንዲሆን ከማዘዝ ይልቅ እያንዳንዱ ምስል ለየብቻው እንዲቀመጥ ማዘዝ ነው። በ900ኛው ምስል ላይ መብራት ቢጠፋ ያለቁት በቦታቸው ይቆያሉ፤ ሥራውም ካቆመበት ይቀጥላል።

ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው በሱቁ ውስጥ ጊዜ ወስዶ ሊፈትን ይገባዋል። የኢቴሪየም ዲጂታል ገንዘብ በሴፕቴምበር 2022 በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲያበቃ፣ ለረጅም ጊዜ ያለ ዕረፍት የሠሩ ብዛት ያላቸው ካርዶች በዓለም ዙሪያ ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ገብተዋል። የድሮ ካርድ ውስጣዊ ፕሮግራም ተቀይሮለት በአዲስ ካርድ ስም የሚሸጥበትም ሁኔታ አለ፤ ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን እንዲህ ያሉ የኤንቪዲያ ካርዶች ለይቶ ያስጠነቅቃል። ክሪስታልዲስክኢንፎ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንዳገለገለና ጤናው ምን ያህል እንደቀረ ያሳያል። ፕሮሰሰሩን ሲኔቤንች በተባለው ፕሮግራም፣ ካርዱን በብሌንደር መመዘኛ ለአሥር ደቂቃ ያህል ማሠራት ደግሞ ሙቀቱ የት እንደሚደርስና ፍጥነቱ ይወርድ እንደሆነ ይገልጻል። ሁሉም በነፃ የሚገኙ በመሆናቸው በፍላሽ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ እንዲህ ያለውን ፈተና የማይፈቅድ ሻጭ ዘንድ ግን ያገለገለ የሬንደር ማሽን መግዛት ተገቢ አይደለም።

የአፕል ኮምፒውተሮችን የሚያስብ ሰው ከፍጥነት በፊት የሶፍትዌሩን ዝርዝር ማየት ይኖርበታል። ብሌንደር፣ አርኪካድና ስኬችአፕ በማክ ላይ ይሠራሉ፤ ሬቪት፣ ትሪዲኤስ ማክስና ሉሚዮን ግን ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ከ2020 ጀምሮ የወጡት ኤም 1ና ተከታዮቹ ራሙን ለሲፒዩና ለጂፒዩ በጋራ ስለሚያውሉት ትላልቅ ትእይንቶችን መሸከም ይችላሉ፤ ነገር ግን ራማቸው በኋላ ሊጨመር የማይችል በመሆኑ ውሳኔው በግዢው ዕለት መጠናቀቅ አለበት።

ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃ ሲሆን ምን ይቅደም የሚለው የብዙ አድማጭ ጥያቄ ነው። በዴስክቶፕ ላይ በኋላ በቀላሉ የሚጨመሩት ራምና ኤስኤስዲ ስለሆኑ በመነሻው ሊቀነሱ ይችላሉ፤ አራት የራም ማስገቢያ ያለው ማዘርቦርድ ቢመረጥ በ16 ጊጋባይት ጀምሮ ማሳደግ ይቻላል። ካርዱም በሂደት ሊለወጥ ይችላል፤ ለዚህም ሲባል ፓወር ሰፕላዩ አሁን ከሚያስፈልገው ዋት ከፍ ያለና ስሙ ከታወቀ አምራች የተሠራ መሆን አለበት፤ ርካሹ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ማዘርቦርዱንና ካርዱን ይዞ ሊሄድ ስለሚችል በዚህ ላይ ቁጠባ አይደረግም። ኬዙም ቢሆን ከመገዛቱ በፊት በውስጡ የሚገባው የካርድ ርዝመት በሚሊሜትር ሊለካ ይገባል፤ የዛሬ ዘመን ትላልቅ ካርዶች ከ300 ሚሊሜትር ስለሚያልፉ በየቢሮው ባሉት ትናንሽ ኬዞች ውስጥ አይገቡም።